ሒሳብም ሥዕልም ለምትወጂው

ሰላም ላንቺ፣

በሒሳብ ጎበዝ እንደሆንሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮም እርሳስ ከእጅሽ እንደማይጠፋ ጽፈሽልኛል። አሁን ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ስለሆነ «አንዱን ተይ» እየተባልሽ ነው፤ የትኛውን እንደምትተዪ ጠየቅሽኝ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለዲግሪ ሒሳብ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ አጥኚ፤ መሳሉን ግን በየሳምንቱ ቀጥዪ። ሥዕልን አሳንሼ አይደለም። የሥዕል ልምምድ ሥራሽን ደፍሮ የሚተች ሰው ካገኘሽ ከክፍል ውጭም ያድጋል። ሊኒየር አልጀብራን (በቬክተርና በማትሪክስ የሚሠራውን የሒሳብ ዘርፍ) ሥራ ከያዙ በኋላ ለብቻ ተቀምጦ መማር ግን ብዙዎችን ያዳግታል።

ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ በገዛ እጅሽ ለማየት ይህን ሞክሪ። ወረቀት ላይ አራት ነጥቦች አድርጊና በተራ በሦስት መስመሮች አገናኚያቸው። የየመስመሩን መሃል ምልክት አድርጊ፤ ሦስቱን መሃሎች በሁለት መስመሮች አገናኚ፤ የእነዚህንም መሃል ፈልገሽ በአንድ መስመር አገናኚ። የዚህ የመጨረሻው መስመር መሃል፣ ከመጀመሪያው ነጥብ ተነስቶ አራተኛው ላይ የሚያርፍ ለስላሳ ኩርባ ላይ ይውላል። በግማሽ ፋንታ ሁሉንም ከመነሻቸው በኩል ሩቡ ላይ፣ ከዚያም ሦስት ሩቡ ላይ ብትከፍዪ ሌሎቹ የኩርባው ነጥቦች ይወጣሉ። ቤዚየር ኩርባ ይባላል። ፖል ደ ካስቴልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲትሮኤን ውስጥ፣ ፒየር ቤዚየር ደግሞ በ1960ዎቹ ሬኖ ውስጥ፣ የመኪና አካል ለመንደፍ ሲሉ ለየብቻ የደረሱበት ነው። ዛሬ በስክሪን የምታነቢያቸው ፊደላት ጠርዝ የሚሳለው በእንዲህ ያለ ኩርባ ነው። ስለዚህ ፊደል ንድፍ ራሱ አንዱ የሥራ መስክሽ ሊሆን ይችላል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ኤድ ካትሙል ልጅ ሳለ ምኞቱ አኒሜሽን መሳል ነበር። ችሎታዬ አይበቃም ብሎ ወደ ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከጂም ክላርክ ጋር ያወጣው ዘዴ፣ ከጥቂት ጠፍጣፋ ገጾች የተሠራን ቅርጽ ደጋግሞ እየከፋፈለ ያለሰልሰዋል፤ አኒሜሽን ፊልሞች ውስጥ የገጸ ባሕርያትን ፊትና እጅ ለማለስለስ በሰፊው ይሠራበታል። ካትሙል ኋላ የአኒሜሽን ፊልም ድርጅቱን ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ታላቅ የሚባለውን የእ.ኤ.አ. 2019 የቱሪንግ ሽልማትም ከፓት ሃንራሃን ጋር ተጋራ። የተወው የመሰለው ምኞት በሌላ በር ገባለት ማለት ነው።

ላንቺ የሚቀርብሽ የሥራ መደብ «ቴክኒካል አርቲስት» የሚባለው ይመስለኛል፤ በጌምና በአኒሜሽን ድርጅቶች ውስጥ ሠዓሊዎቹንና ፕሮግራመሮቹን የሚያገናኝ ሰው ነው። ጀማሪን በቀጥታ በዚህ መደብ መቅጠር ግን ብዙም አይዘወተርም። አብዛኛው ሰው በአንዱ ወገን ጀምሮ ነው የሚሻገረው። የመረጃ ሥዕላዊ አቀራረብና የጨርቅ ጥለት ንድፍም አሉ።

ፖርትፎሊዮሽን (ለቀጣሪ የምታሳዪውን የሥራ ናሙና ስብስብ) በሚመለከት አንድ ልመና አለኝ፦ ሥዕሎችሽ ላይ የወርቃማ ምጥጥን (1.618 ገደማ የሆነው፣ «የውበት ቁጥር» የሚባለው) ጠመዝማዛ አትደርቢ። ስለ እሱ ከሚወራው ብዙው ሲለካ አይገኝም፤ ቀጣሪውም ከአንቺ በፊት መቶ ጊዜ አይቶታል። ይልቅ በእጅሽ የሳልሽውን አንድ ጥለት፣ ያንኑ ጥለት የሚያወጣውን አጭር ኮድ፣ ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር ስትቀይሪ የመጣውንም ለውጥ ጎን ለጎን አሳዪ።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ያሰብሻቸውን የትምህርት ክፍሎች የኮርስ ዝርዝር ጠይቂ። ኮምፒውተር ግራፊክስና ጂኦሜትሪ ያለበትን አስቀድሚ። ሁለት ክፍሎች እኩል ከሆኑብሽ ዝርዝሮቹን ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።