ሳምንት ያልሞላው ፍርድ

ይድረስ ለወጣት ድምፃውያን።

ከመካከላችሁ አንዱ «ከዓመታት ዝምታ በኋላ አልበም ባወጣ፣ ሰው ቀዝቀዝ ብሎ ተቀበለኝ፤ ሙዚቃን ልተወው ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ ድምፃዊት ነበረች። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥታ ከ1983 በኋላ ስትመለስ፣ አልበሟን ያቀናበርኩላት እኔ ነኝ። ድምፅዋ ወፍሯል። ያ የድሮው ከፍታ ሄዶ፣ በምትኩ ብዙ ያየ ሰው ድምፅ መጥቶላታል። ዜማዎቹን በዚሁ ልክ ዝቅ አድርገን ሠራናቸው። ግጥሞቿም ስለ ባዶ የእናት ቤት፣ በሰው አገር ስላደጉ ልጆች ነበሩ። በአምባሰል ቅኝት የሠራችውን አንዱን ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ ዘፈነችው፤ ይደገም ያለ አልነበረም።

ያኔ የፒያሳና የመርካቶ ሙዚቃ ቤቶች አዲስ ካሴት ሲወጣ በድምፅ ማጉያ ወደ መንገድ ይለቁት ነበር። መንገደኛው ቆም ካለ ካሴቱ ይሸጣል፤ ካላለ በሳምንቱ ሌላ ይተካበታል። የእሷን የሰሙ «ድሮ እንዲህ አልነበረችም» አሉ። እውነት ነው፤ አልነበረችም። የጠበቁት የገዛ ወጣትነታቸውን ነበር፤ ያንን ማን ዘፍኖ ይመልስላቸዋል? ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ አልገባችም። በደብተሯ ያልተቀረጹ ግጥሞች እንደነበሩ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያን ደግሞ ተመልከቱ፤ በፈረንጆች 1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ከአገራችን ውጭ ብዙ አድማጭ አገኘ። እሱ ከዚያ በፊት ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ በመኪናው በያዘው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ2018 አዲስ አልበም ሲያወጣ ጣቶቹ አልዛጉም።

እናንተ የዛሬ ልጆች የተመልካች ቁጥር በየሰዓቱ ታያላችሁ። ይህ ልማድ ያሳዝነኛል፤ ሙዚቃ ቤቱ እንኳ ሳምንት ይሰጥ ነበር። የሰው የችኮላ ፍርድ አትስሙ።

አንተ ጠያቂዬ ግን ቅንብሩ ድምፅህን ሸፍኖታል ያሉህን ስማቸው። አልበምህን ደጋግሜ አደመጥኩት፤ በኮምፒውተር የተሠራው ከበሮ ከፊት ቆሞ ግጥሙን ከልክሎታል። ሦስተኛውን ዘፈን በክራር ብቻ ዘፍነህ ላክልኝ፤ የሚቀጥለውን ከዚያ ተነስተን እንነጋገራለን።