ከሜሪላንድ ወደ ደሴ በጡረታ መግባት ያዋጣል ወይ ላሉን እህት

እህታችን የጠየቁት ባጭሩ ይኸ ነው። ሁለት ዓመት ቆይተው ጡረታ ይወጣሉ። የሚደርስዎት በወር 1,600 ዶላር ገደማ ነው፤ ሜሪላንድ ላይ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ባለቤትዎ ገና ግሪን ካርድ ላይ ናቸው። ትውልድዎ ደሴ ስለሆነ «ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ብንገባ በዚህች ገንዘብ እንኖራለን ወይ? መኪናችንንና የቤት ዕቃችንንስ እንጫን?» ብለዋል። ከጥያቄዎ ሥር ከመለሱት ግማሹ «ነይ ግቢ፣ አገርሽ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አብደሻል እንዴ» ይላል። አብዛኛው መላሽ ግን እዚያው አሜሪካ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። እኔ ኮምቦልቻ ካለው በረንዳዬ ልጻፍልዎ።

እኔና ባለቤቴ ቨርጂኒያ 26 ዓመት ኖረናል። እኔ ፓርኪንግ ሠርቼ በኋላ ታክሲ ነዳሁ። እሷ አረጋውያን ስትንከባከብ ነው ወገቧ ያለቀው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ጠቅልለን ገባን።

መልሱን ቀድሜ ልንገርዎ። ትኖራላችሁ። ግን እንደ ደሴ ሰው ከኖራችሁ ነው። ሜሪላንድን አምጥቼ ደሴ ላይ እተክላለሁ ካሉ፣ እዚያው ሜሪላንድ ይሻልዎታል፤ ባይሆን እዚያ መብራት አይጠፋም።

ባለቤቴ ወጪ የምትጽፍበት ደብተር አላት። ያለፈውን ወር ላንብብልዎ። ኪራይ 14 ሺህ ብር፤ ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ ያለው ቤት ነው። አስቤዛ 19 ሺህ። የቤት ሠራተኛ 5 ሺህ። መብራት፣ ውሃና ስልክ 3 ሺህ። መድኃኒት 6 ሺህ። እድር፣ ለቅሶና ሠርግ 4,500። ለዘመድ 15 ሺህ፤ ወደዚህኛው እመለስበታለሁ። ተደምሮ 66,500 ብር ነው። በባንክ ምንዛሪ ሲመታ 500 ዶላር አይሞላም። ጤፉን ከነወፍጮው፣ በዓሉን ከነቅርጫው ጨምሮ።

ይህን ቁጥር ይዘው ግን ትኬት እንዳይቆርጡ። እኛ ስንገባ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ሰሞን እኔና ባለቤቴ በሹክሹክታ ተሳሳቅን። ጳጉሜን ላይ አከራያችን ሐጂ ቡና ሊጠጡ መጡ። አቦሉን ጠጡ። ቶናውን ጠጡ። በረካው ላይ ሲኒውን አስቀመጡና «ያው እናንተም ዶላሩ ጨምሮላችኋል» አሉኝ ሳቅ ብለው። ኪራዩ ከ9 ሺህ ወደ 14 ሺህ ወጣ። ልቆጣ አሰብኩና ተውኩት። ዘይቱም ሲሚንቶውም ለእሳቸው አልቀነሰም። ገበያውም እንደ ሐጂ ነው፤ ትንሽ ዘግይቶ ይደርስብዎታል እንጂ አይቀርም።

በነገራችን ላይ፣ ጎረቤቴ መምህር ነው። ደመወዙ ከእኔ ኪራይ ብዙ አይርቅም። «አገሩ ርካሽ ነው» የሚለውን ቃል እሱ ፊት ተናግሬ አላውቅም። እርስዎም ሲመጡ ይቺን ይያዙልኝ።

አሁን ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ሁለቱ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ነው። ግን በመካከላቸው ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቀመጠችው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። ይህ ልዩነት በ20 ዓመት ዕድሜ ወሬ ነው። በ65 ጉልበትዎ ይነግርዎታል።

እኛ መጀመሪያ የተከራየነው ደሴ ነበር፤ ከፒያሳ ከፍ ብሎ። የሚስቴ አገር ነው፤ ሆጤ ነው ያደገችው። ሚያዝያና ግንቦት ሸጋ ሆኖ አለፈ። ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ሦስት ቀን አልተነሳም። የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ሚስቴ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ከሰል ጥግ ተቀምጣ «እኔ ልጅ ሆኜ እንዲህ ይበርድ ነበር እንዴ?» ትለኛለች። ይበርድ ነበር። ልጅ ሆና ስትሮጥ ስለምትውል አልታወቃትም። እኔ ዳገቱን ስወጣ ሁለቴ ቆሜ ነው የምተነፍሰው። ደሴ ከፍታ ናት፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይወስን። በጥቅምት 2016 ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እዚህ ይሞቃል፤ በግንቦት እንዲያውም ያበዛዋል፤ ግን መንገዱ ሜዳ ነው፣ አየር ማረፊያውም እዚሁ ነው። ደሴ ግን ከተማ ናት። ወሬው፣ ገበያው፣ ዘመዱ፣ ትልቁ ሆስፒታል ደሴ ነው። ሚስቴ ሰኞ ሰኞ ደሴ ካልወጣች ሳምንቱ አይጀምርላትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሕክምና ነው። አምና ሚስቴን ከቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ያማት ጀመር። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም ተወሰደ። «ታይፎይድ ነው» ተባለ። መርፌ ተወጋች። በወሩ ተመለሰባት፤ አሁንም ታይፎይድ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሉኝ «እናንተ ሰዎች፣ ይህ ታይፎይድ ከኛ ጋር ተዛመደ እንዴ?» ብዬ ይዣት አዲስ አበባ በረርኩ። አልትራሳውንድ ታየች፤ የሐሞት ጠጠር ነው። በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ ዳነች። ጥሩ ሐኪም እዚህ የለም ማለቴ አይደለም፤ ደሴ ላይ ጎበዝ ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ግን ሁለተኛ አስተያየት ለመጠየቅ ሁልጊዜ የአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ። የኛ ባንክ ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ለሠርግም ለመውሊድም አይነካም።

መድኃኒቱም አለ። የደም ግፊት ክኒኔ አንድ ወር ይገኛል፣ አንድ ወር ይጠፋል፤ ወይም ሌላ ፋብሪካ የሠራው ይመጣል። ልጄ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር ትልካለች። እርስዎ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ጽፈው፣ የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም፣ እዚህ ያለ ዘመድ ሦስት ፋርማሲ ዞሮ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ። ይህን ሳያደርጉ ቤት አይልቀቁ።

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ እዚህ አይከተልዎትም። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ፣ ፓርት ቢ የሚባለው፣ መዋጮ ግን በየወሩ መቆረጡን ይቀጥላል። «ምን ያደርግልኛል» ብለው ካቋረጡትና በኋላ ልመለስበት ካሉ፣ ያለሽፋን ለቆዩበት ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። እኛ አላቋረጥንም። ያንገበግባል፤ ግን የመመለሻ በራችን እሱ ነው።

ጡረታው ራሱ ዜጋ ከሆኑ ይደርስዎታል፤ አሜሪካ ባለው ባንክዎ ይገባል። ኤስ ኤስ አይ የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ ግን ሌላ ነው፤ ከአገር ከወጡ 30 ቀን ሲሞላ ይቆማል። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ደግሞ ውጭ ለሚኖር ተጧሪ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ መጠይቅ በፖስታ ይመጣል፤ «በሕይወት አለህ ወይ» እንደማለት ነው። ካልተመለሰ ክፍያ ይቆማል። የኛ ፖስታ የሚሄደው ልጃችን ቤት ነበር። ማስታወቂያ መስሏት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ወር ያለ ገንዘብ ቀረን። ያን ጊዜ ነው ከዘመዶቼ ብድር የጠየቅሁት፤ እነሱም «አሜሪካ ተበደረ» ብለው እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

የአሜሪካ ስልክ ቁጥርዎን እንዳይዘጉ። ባንኩ ኮድ የሚልከው እዚያ ላይ ነው። ገቢዎ ማስገባት የሚጠይቅ ከሆነ ታክስም በየዓመቱ ማስገባት አለ፤ ዜጋ የትም ቢኖር አይቀርለትም። እዚህ ባንክ ያስቀመጡት ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ እሱንም ያሳውቃሉ።

የባለቤትዎ ግሪን ካርድ ነው ትልቁ ጉዳይ። ጠቅልሎ መግባትና ግሪን ካርድ አብረው አይሄዱም። ያለ መመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆዩ ካርዱ አደጋ ላይ ነው። ጡረታም ካላቸው፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከስድስት ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ሊቆምበት ይችላል። በቀሩት ሁለት ዓመታት ዜግነቱን ይጨርሱ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ከዚያ ቢጫ ካርድ ያወጣሉ፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ማለቴ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው የመጣው። ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቁም፣ መሥራትም ይችላሉ። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን ፈልጉና አስቀምጡ፤ ጊዜው ቢያልፍም ይጠቅማል።

ዕቃ? አይጫኑ። እዚህ መብራቱ 220 ነው፣ የናንተ ዕቃ 110። ሚስቴ 15 ዓመት የወደደችውን ቡና ማፍያ ደሴ በገባን በሦስተኛው ቀን ሰካችው። ድው አለ፣ ሸተተ፣ አለቀ። ጎረቤቶቿ ጀበና ይዘው መጡ፤ ለቅሶ ደራሽ ነው የመሰሉት። የቤንዚን መኪናዎንም ይሽጡት፤ ከ2016 ወዲህ የኤሌክትሪክ ካልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ አለው። ሐረጎን ሲወርድ ባትሪው ይሞላል እያለ ይኩራራል። ሲወጣ ስለሚሆነው አያወራም።

ወደ ዘመድ ልመለስ። ደሴ በገባን በመጀመሪያው ወር ቤታችን አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ይዘው የሚመጡት ብዙ ነው፤ እንጀራ፣ ዶሮ፣ ዱዓ። ሲወጡ ደግሞ በር ላይ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ይመጣል። የልጅ ክፍያ፣ የእናት ቀዶ ሕክምና፣ የፈረሰ ጣሪያ። ሁሉም እውነት ነው። ለዚህ ነው የሚከብደው። በሦስት ወር ውስጥ ያጠራቀምነው ሲሳሳ፣ ሚስቴ አንድ ማታ ደብተሩን ከፍታ «ለዘመድ» የሚል መስመር አሰመረች። በወር 15 ሺህ። ካለቀ አለቀ፤ የሚመጣው ወር አለ። መጀመሪያ አኮረፉን። ከዚያ ለመዱት። አሁን እንዲያውም አክስቷ ደውላ «የዚህ ወር አለቀ ወይስ ትንሽ አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እርስዎ ይህን መስመር ከመምጣትዎ በፊት ያስምሩ። ከመጡ በኋላ ማስመር ያጣላል።

ጸጥታውን ሳላነሳ ባልፍ ይታዘቡኛል። ሁለቱም ከተሞች በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የተለቀቁት። እኛ ከገባን በኋላም፣ ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ጀምሮ ክልሉ አስቸኳይ ጊዜ ውስጥ ገባ፤ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። የባንክ ኮድ ያልኩዎት ያኔ ነው የቆረጠን። ከተማው ውስጥ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ይዳራል፣ ይነግዳል። የአዲስ አበባውን መንገድ ግን፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ ያለውን፣ የሰሞኑን ሁኔታ ሳይጠይቁ አይሳፈሩበትም። እኛ በአውሮፕላን ነው የምንመላለሰው። ወጪ ነው፤ ደብተሩ ላይ ይግባ።

ስለዚህ ቤቱን አይልቀቁ፣ ቤትም አይግዙ። በዚህ ሐምሌ ፈቃድ ወስደው ለአንድ ወር ይምጡ። በጥር አይምጡ፤ በጥር ማንም ደሴን ይወዳታል። ዘመድ ቤት ሳይሆን የራስዎን ክፍል ተከራይተው፣ ራስዎ ገበያ ወጥተው፣ ራስዎ መብራት ሲጠፋ ሻማ ፈልገው ይክረሙ። ብርዱ ሲበዛብዎ አንድ ቀን ሐረጎን ወርደው እኛ ዘንድ ይዋሉ። አብሽሩ፣ ጀበናው ሁሌ እሳት ላይ ነው። ጋቢ ግን ከደሴ ይዘው ይውረዱ፤ ሲመለሱ ያስፈልግዎታል።