«አቻሽ አይደለም» አሉኝ፣ እውነት ሰው ሁሉ አቻውን ነው እንዴ የሚያገባው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዓምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው፣ ማስተርሴን ጨርሼ ባንክ እሰራለሁ። ከአንድ ልጅ ጋር ከተዋደድን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ እሱ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተምሮ አሁን የራሱን ወርክሾፕ ከፍቷል፣ ገቢው ከኔ አያንስም፣ እንዳውም አንዳንድ ወር ይበልጠኛል። ሽማግሌ ልላክ ሲል እናቴ «አቻሽ አይደለም» ብላ አኮረፈች፣ አጎቴ ደሞ «እስቲ ዙሪያሽን እዪ፣ ሀኪም ሀኪም ያገባል፣ አስተማሪ አስተማሪ ያገባል፣ ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው?» አሉኝ። እውነትም ሳስበው ጓደኞቼ በሙሉ እንደነሱ የተማረ ነው ያገቡት። ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው? ተሳስቼ ይሆን? — ሰ. ነኝ ከሀዋሳ

መልስ፦ እህታችን ሰ.፣ አጎትሽ ያዩት ነገር ልክ ነው። ጥናት በተደረገባቸው አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ባልና ሚስት በትምህርት፣ በዕድሜ፣ በሀይማኖት፣ በአስተዳደግ ይመሳሰላሉ፣ ሰው ዝም ብሎ በዕጣ ቢጣመር ከሚሆነው በጣም በላይ። ግን ብዙ ሰው ስላደረገው ብቻ የሚያዋጣው እሱ ነው ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም መመሳሰሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ ስለመረጠ ብቻ ሳይሆን ሌላውን ስላላገኘውም ነው።

ቦሳርድ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ፊላደልፊያ ውስጥ የወጡ 5,000 የጋብቻ ፈቃዶችን አይቶ ነበር፣ ከጥንዶቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከመጋባታቸው በፊት በአምስት ብሎክ ርቀት ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ሆነው ተገኙ። ፍቅር ሰፈር አይመርጥም ይባላል እንጂ ይመርጣል ማለት ነው። ያንቺን ሀዋሳ ውሰጂ፣ ካምፓስ ስንት ዓመት ከማን ጋር ነው ምሳ የበላሽው፣ ባንክ ስትገቢስ ቡና የምትጠጪው ከማን ጋር ነው፣ እሁድ ፍቅር ሐይቅ የምትሄጂውም ያው ከነሱ ጋር ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሰሩት ልጆች፣ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ከተማው አንድ ነው ግን ከስንቶቹ ጋር ተዋውቀሻል? ከልጁ ጋር እንዴት እንደተገናኛችሁ አልጻፍሽም፣ መብራት ሊሰራ መጥቶ ከሆነ የተገናኛችሁት ያ መብራት ባይበላሽ ኖሮ አንቺም ዛሬ ባንከር አግብተሽ አጎትሽ ይመርቁሽ ነበር።

ደሞ ጊዜም አለ። ከትምህርት ቤት እንደወጣ ቶሎ የሚያገባ ሰው አብሮት የተማረውን የማግባት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ሲቆይ ግን ከሌላ ዓይነት ሰው ጋር ይቀላቀላል። ጓደኞችሽ በምረቃ ሰሞን ካገቡ ምንም አይገርምም።

ከዛ ቤተሰብ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። በብዙ ቤት ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆጠረው ሰባት ቤት ነው፣ ዘመድ እንዳይሆን፣ ያ እንዳለቀ ደሞ አገሩ የት ነው፣ ሀይማኖቱስ፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሰራል ይባላል። በስጋ ይራቅ፣ በኑሮ ይቅረብ ነው ጨዋታው። ድሮ መሬትና ከብት ነበር የሚጠየቀው፣ አሁን ዲግሪ ሆነ፣ እናትሽ አዲስ ነገር አላመጡም። ሲፈሩም በከንቱ አይደለም፣ ሰው በቀልድ፣ በገንዘብ አያያዝ፣ በልጅ አስተዳደግ ሲመሳሰል ጭቅጭቅ ይቀንሳል፣ ዲግሪ ደሞ የዚህ ሁሉ ምልክት ይመስላቸዋል። እኔን ከጠየቅሽኝ ደካማ ምልክት ነው፣ ማስተርስ ይዞ ደሞዙን በሳምንት የሚጨርስ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ እሱ ማስተርስ ኖሮት አንቺ 10ኛ ክፍል ብትሆኚ እናትሽ ያኮርፉ ነበር? አይመስለኝም፣ ዕድለኛ ናት ነበር የሚባለው። ስለዚህ የከነከናቸው መበላለጡ ሳይሆን የበለጠችው ሴቷ መሆኗ ነው። ይሄን ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ሽዋርትዝና ሃን የሚባሉ ተመራማሪዎች አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል፣ ቀደም ባሉት አስርት ዓመታት ሚስት በትምህርት የበለጠችበት ትዳር ከሌላው ይልቅ ይፈርስ ነበር፣ በ1990ዎቹ ከተጋቡት ጀምሮ ግን ያ ልዩነት ጠፍቷል። አሜሪካ ሀዋሳ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ትዳሩን ያፈርሰው የነበረው ዲግሪው ቢሆን ኖሮ ዘመን ሲቀየር ባልጠፋ።

እና ተሳስቼ ይሆን ላልሽው፣ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። ሰው ፊት ስትናገሪ ደስ ይለዋል ወይስ «ምሁሯ ተናገረች» እያለ ይወጋሻል? በቀልድ መልክ የሚመጣውን ነው የምልሽ፣ እሱ ካለ ከጋብቻ በኋላ ይብሳል። ሁለተኛው አንቺን ነው የሚመለከተው፣ ለባንክ ጓደኞችሽ ስታስተዋውቂው «ኤሌክትሪሺያን ነው» ትያለሽ ወይስ «የራሱ ቢዝነስ አለው» ብለሽ ታልፊዋለሽ? ሁለተኛው ከሆነ ከእናትሽ በፊት ካንቺ ጋር ተነጋገሪ።

ለሽማግሌው ደሞ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አጎትሽን ወርክሾፑ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ከሱ ጋር ስለ ስራ ያውሩ፣ ሲሰራ ይዩት፣ እሳቸው ምሳሌ ቆጥረው ነው የተከራከሩሽ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ማስረጃ ካየ ይመለሳል። ለእናትሽ ግን ማስረጃ አይሰራም፣ ሰው ምን ይለኛል ነው የያዛቸው፣ ስለዚህ የሚላኩት ሽማግሌዎች ውስጥ አንዱ ከእድራቸው የሚያከብሩት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው።