አሸዋ ላይ ለቀረጻ የሚቆም ኪዮስክ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ለአንድ የመጠጥ ማስታወቂያ የባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ ትንሽ የእንጨት ኪዮስክ እንድንሰራ ታዘናል፣ የሚቆመው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ፕሮዲውሰሩ "ለሁለት ቀን ምን አለው፣ አራት ቋሚ ቀብራችሁ ጨርሱት" ይላል፣ እኔ ግን ንፋሱን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ? (ከዲኮር ክፍል)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንቅልፍ ማጣትህ ልክ ነው። ደረቅ አሸዋ ቋሚ አይዝም፣ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር ጉድጓዱ እየሰፋ ይሄዳል። ደግሞ ኪዮስክ ፊቱ ክፍት ስለሆነ ንፋሱ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ነው የሚገፋው፣ ሁሉም ሰው የሚፈራው ወደ ጎን መውደቁን ነው እንጂ ቀድሞ የሚሄደው ጣሪያው ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ጠዋት ፀጥ ብሎ ቆሞ አየሁት ብለህ እንዳትዘናጋ፣ ፀሀይ የብሱን ካሞቀችው በኋላ ከሰዓት ከባህር የሚመጣው ንፋስ ሌላ ነው።

መቅበሩን ተወውና ከሞራሌ ሰፊ የወለል ፍሬም ስራ፣ ቋሚዎቹን እሱ ላይ በብሎን እሰር፣ ወለሉን ኮምፔርሳቶ አልብሰው። ከባንኮው ኋላ ካሜራ የማያየው ቦታ፣ እዛው ወለሉ ላይ፣ ባዶ በርሜሎች አስቀምጥና በባህር ውሃ ሙላቸው፣ ባለ 200 ሊትሩ አንዱ ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስትጨርሱ ደፍታችሁ ባዶውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ለጣሪያው ገመድ ደግሞ ተራ ካስማ ተነቅሎ ይወጣል፣ ይልቅ ጣውላ መሀሉ ላይ ገመድ አስረህ በአግድሙ ጥልቅ አድርገህ ቅበረው፣ ላዩ ላይ ያለው አሸዋ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል። የጀርባውን ግድግዳ ክፍተት ባለው ርብራብ ብታደርገው ንፋሱ ያልፋል፣ በካሜራም ያምራል፣ ማታ ማታ ደግሞ የጣሪያውን ጨርቅ አውርዱት፣ ይሄ ሰነፍ የሚዘለው ስራ ነው።

ቦታውን ስትመርጥ የሙላት ሰዓቱን፣ ማለትም የባህሩ ውሃ ከፍ ብሎ ወደ ዳርቻው የሚወጣበትን ሰዓት፣ ሰንጠረዥ እይ። በብዙ ቦታ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፣ አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ደግሞ ከወትሮው ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃው መጨረሻ የደረሰበትን የአረምና የቆሻሻ መስመር ፈልገህ ከሱ በደንብ ራቅ ብለህ ስራ።

ፍቃድ ስትጠይቁ ኤሊ እንቁላል የምትጥልበት ዳርቻ እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ፣ ከሆነ የማታ መብራት የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች አቅጣጫ ያስታል፣ ፕሮዲውሰሩ ደስ ባይለውም የማታው ቀረጻ ይቀራል።

ሌላው ቀላል ነው፦ ሚስማር ሳይሆን ዚንክ የተቀባ ቪቲ (በመፍቻ የሚጠመዘዘውን) ተጠቀም፣ ለመፍታትም ይቀላል። ዕቃ በሙሉ ከኋላ በኩል ይግባ፣ ፊት ለፊት ያለውን አሸዋ ሰው ከረገጠው የጫማውን ዱካ ስትደመስሱ ትውላላችሁ። ስትነቅሉም ማግኔት አሸዋው ላይ ጎትቱበት፣ ነገ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው አለ።