ደንቆሮ ጫካ ለምትሄዱ፦ መጀመሪያ ማህተሙ የት እንዳለ ጠይቁ

ወንድሜ፣ «ቅዳሜና እሁድ ከደሴ ቦረና ሳይንት ፓርክ ሄደን፣ ደንቆሮ ጫካን በእግር ዞረን፣ ቀይ ቀበሮ አይተን ለመመለስ ምን እንያዝ?» ብለሃል። አብሽር፣ ስንቁን ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ ያንገበገበኝን ልንገርህ። መቼም አንተም እንደኔ ሰኞ ሥራ ገቢ ነህ።

1. ወረቀቱን በጊዜ ጨርስ። በ2011 ታኅሣሥ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአቀስታ አድርገን አርብ ዘጠኝ ሰዓት ደረስን። አንድ ቢሮ ገባን፣ የማን እንደሆነ ተወው። ሰውየው ቆሎ እየቆረጠመ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ደብዳቤ አላችሁ?» አለን። የምን ደብዳቤ? የወሎ ልጅ ወሎን ለማየት ደብዳቤ ይጠየቃል እንዴ? ይሁን ብለን እዚያው ማመልከቻ ጻፍን። ማህተሙ ለካ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። «ሰኞ ኑ!» ሰኞ እኮ እኔ ኮምቦልቻ ተማሪ ፊት መቆም አለብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ቤት ድረስ ሄደን ባለቁልፉን አመጣነው። እሱስ ሸጋ ሰው ነው፣ ንፍሮ አስዘግኖናል።

2. ቀበሮዋን ጫካ ውስጥ አትፈልጋት። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። ስካውቱ፣ ማለትም አብሮን የነበረው የፓርኩ ጠባቂ፣ «ከላይ ሜዳው ላይ እንጀምር» ሲለን፣ እኔ አዋቂው ሁሉንም ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ጫካው መቼም ልብ ይሰርቃል፣ የዛፍ ሽበቱ ከየቅርንጫፉ ተንዘርፍፏል። አንድ የምኒልክ ድኩላ ብቅ ብሎ ጠፋ። ቀበሮ ግን ወፍ የለም። ምግቧ አይጥ ነው፣ አይጡ ያለው ደግሞ ከጫካው በላይ፣ ጓሳና ጅብራ የበቀለበት ብርዳም ሜዳ ላይ። በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል፣ እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ስፈልግ ዋልኩ። ዳገቱን ስንመለስ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ስካውቱ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ማለዳ አፌን ዘግቼ ተከተልኩት። ጓሳው ውርጭ ለብሷል። አንዲት ቀበሮ ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ቆማለች። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ዘላ አረፈችበት። ቀና ስትል የአይጡ ጅራት ከአፏ ተንጠልጥሏል። የጓደኞቼ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር፣ ፎቶው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። የማያምን ካለ እለጥፈዋለሁ።

3. ጋቢ ያዝ። «ጃኬት ይበቃኛል» ያለው ጓደኛዬ ሌሊቱን የእኔን ሲጎትት ነው ያደረው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳትህ በፊት ሹፌሮቹን ጠይቅ። ለቅሶ ካለም ጠይቅ።