ኖዱሉን ሰንጥቀው ውስጡን ይዩት

ጥያቄ፦ አኩሪ አተር ዘርቼ ዩሪያ ደህና አድርጌ ሰጠሁት። ቅጠሉ ያምራል። በ40ኛው ቀን ነቅዬ ሳየው ግን ሥሩ ላይ ያሉት ኖዱሎች (ባክቴሪያ የሚኖርባቸው እብጠቶች) ጥቂት ናቸው፣ ውስጣቸውም ነጭ ነው። ችግሩ ከዘሩ ነው ከአፈሩ?

መልስ፦ ሥሩን ማየትዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎቻችን ቅጠል አይተን ነው የምንመለሰው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ዩሪያውን ነው።

ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከሥሩ ፍላቮኖይድ የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ የሚያዘጋጀው የአፈር ባክቴሪያ ይህን ሲያገኝ የራሱን ዘረ መሎች ቀስቅሶ መልስ ይልካል። ያኔ የሥሩ ፀጉር ተጠቅልሎ ባክቴሪያውን ያቅፈዋል። ተክሉ ውስጥም ኒን የሚባለው ዘረ መል ይነሳል። እሱ ካልሠራ ኖዱል የሚባል ነገር የለም። ሲነሳ ግን ሌሎቹን ያስነሳል፣ የሥሩ ሴሎች እንደገና መከፋፈል ይጀምራሉ።

ዘግይተው ከሚነሱት ዘረ መሎች የአንዱ ሥራ በዓይን ይታያል። ጤነኛ ኖዱል በጥፍርዎ ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ነው። ቀለሙ ሌግሄሞግሎቢን ነው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ናይትሮጅን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሠራም። ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ይዞ በልኩ ያደርስለታል። ስንት ዓመት አይቼው እንኳ ይገርመኛል።

ነጭ ከሆነ ያ ዘረ መል ገና አልተነሳም፣ ወይም የገባው ባክቴሪያ የማይረባ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል።

ባክቴሪያውን መቀለብ ለተክሉ ከባድ ወጪ ነው። አፈሩ ውስጥ ናይትሬት (ዩሪያው አፈር ውስጥ የሚለወጥበት ናይትሮጅን) ከሞላ ተክሉ ራሱ «ይብቃ» ብሎ ኖዱል መሥራቱን ይገታል።

አሁን ዩሪያ አይጨምሩ። ከ10 ቀን በኋላ ከተለያየ ቦታ 5 ተክል ያውጡ፤ ግን አይንቀሉ፣ በአካፋ ከነአፈሩ ያንሱና ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ሲነቀል ኖዱሉ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ምናልባት ያነሰብዎም ለዚያ ይሆናል። አበባ ላይ ደርሶም ነጭ ከሆነና የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከጀመረ ግን ናይትሮጅን ይስጡት፣ ሰብሉ አይራብ።

ለሚቀጥለው ዘር ለአኩሪ አተር የተዘጋጀውን ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያው ያለበትን) ይጠቀሙ፤ የባቄላው አይሠራለትም። ዘሩን ጥላ ሥር ከማዳበሪያው ጋር ያሹትና በዚያው ቀን ይዝሩት። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።