አትክልቱ ለጾም እንጂ ለፋሲካ ማግስት አይድረስብዎ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ዳርቻ ነው። ከቤቴ ጀርባ 10 በ10 ሜትር የምትሆን ጓሮና አንድ የእጅ ጉድጓድ አለኝ። አምና የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት በአንድ ቀን ዘራሁ። ጾሙን ከገበያ እየገዛን ጨረስነው። ሁሉም የደረሰው ለፋሲካ ዶሮ ሲሠራ ነው፤ ያኔ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ካሮቱም ቀጭንና ባለ ሁለት እግር ሆነብኝ። ዘንድሮ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ የጎዳዎት ዝናቡን መጠበቅዎ ነው። ለበልግ ገብስ ልክ ነበር። ጓሮ ግን ጉድጓድ እያለው ሰማይ ሰማይ ማየት የለበትም፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ አመሉን ያውቁታል፣ ዛሬ መጥቶ ለሦስት ሳምንት ይጠፋል።

ስለዚህ አትክልቱ ከሚበላበት ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሰላጣ ከ50 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል፣ ቆስጣም ሁለት ወር ገደማ። ቀይ ሥር ትንሽ ይበልጣል። ካሮት ሦስት ወር ይሞላዋል። ፋሲካ የሚውልበት ቀን ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ የዓመቱን ጾም መግቢያ ይወቁ። ካሮቱ ለጾሙ እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት እንዲደርስ ከፈለጉ ከዚያ 95 ቀን ያህል ይቀንሱ፤ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ይወድቃል። ቆስጣውን ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀድመው ይዝሩት። የውጩን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሱ መሐሉን ከተዉለት ጾሙን ሙሉ ይመግብዎታል።

ሰላጣ ግን አንዴ ከተነቀለ አለቀ። አንድ መደብ ሙሉ በአንድ ቀን አይዝሩት፤ በየ15 ቀኑ አንድ ክንድ ያህል ይበቃል። ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ላይ ይመዝዝና ይመራል፤ መጋቢት ላይ የሚዘሩትን ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ያድርጉት።

የጉድጓድ ውሃ በጥር ይቀንሳልና መጀመሪያ ሁለት ሦስት መደብ ብቻ ያልሙ። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ይሁን፤ ሳይረግጡት መሐሉ ድረስ እጅዎ ይደርሳል። ጠዋት ያጠጡና ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙበት። ላጠጣ አላጠጣ የሚለውን በዓይን አይፍረዱ። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፦ ሁለተኛው አንጓ ድረስ እርጥብ ከሆነ ይደር።

አሁን ወደ ካሮቱ። ባለ ሁለት እግር የሚሆነው አፈሩ ጠጣር ሲሆን፣ ድንጋይ ሲያገኘው ወይም ያልበሰለ ፍግ ሲገባበት ነው። ከበረት የወጣ ትኩስ ፍግ ከሆነ የጨመሩት፣ ዘንድሮ ፍጉን ለጎመን ይስጡና ካሮቱን ዓምና በተዳበረው መደብ ላይ ይዝሩ። ቅጥነቱ ደግሞ ቡቃያውን ካለማሳሳት፣ ማለትም መሐል መሐሉን ነቅሎ ካለማራራቅ ይመጣል። እኔም በጀማሪነቴ ካሮት እንደ ጤፍ በትኜ፣ መንቀሉ አሳዝኖኝ ትቼው፣ ሦስት ወር ጠብቄ የእርሳስ ውፍረት ያለው ነገር ነቅያለሁ። አይዘኑለት፤ በመሐላቸው ሦስት ጣት ያህል ይተዉ። ካሮት ተነቅሎ መተከልም አይወድም፣ ዘሩ እዚያው ይደር። ለመብቀል እስከ 20 ቀን ስለሚወስድ አልበቀለም ብለው ቶሎ አይቆፍሩት።

የቀይ ሥርን ዘር ደግሞ መዳፍዎ ላይ አድርገው ይዩት። ያ ሸካራ ኳስ አንድ ዘር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ሁለትና ሦስት ቡቃያ ይወጣል። አንዱን አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ፣ የተነቀለው ቅጠሉ ይበላል።

ቲማቲም አልጠየቁኝም፣ ግን መሞከርዎ አይቀርም። በጥር ችግኝ ያፍሉ፣ ከአንድ ወር በኋላ ያዛውሩት፣ በእንጨት ይደግፉት። ግንቦት ላይ መልቀም ይጀምራሉ። ዘግይቶ የተተከለ ክረምቱ ከደረሰበት ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ይጠቁራል።

ደረቁ ወቅት ሲረዝም ጎመኑ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ይመጣል። በየቀኑ በሚቀነጥሱት ቅጠል ላይ መድኃኒት እንዲረጩ አልመክርም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ5 ሊትር ውሃ በጥብጠው ማምሻውን ይርጩት። የቅጠሉን ሆድ ይምቱ፤ ተባዩ የሚደበቀው እዚያ ነው። በሳምንቱ ይድገሙት፣ ቅጠሉንም ከመቀቀልዎ በፊት በደንብ ይጠቡት።